ጓደኞቼን በየቀኑ አደርሳለሁ፣ የነዳጁን ነገር እንዴት ብዬ ላንሳው?

ቪትዟ · እሁድ ማታ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። ነገሩ ሲነገር ትንሽ ይመስላል ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ስዞር ነበር ዛሬ ልተንፍሰው።

አሮጌ ቪትዝ አለችኝ፣ ባለ 1000 ሲሲዋ። ቤቴ አያት ነው ስራዬ ሜክሲኮ። በ2015 ሦስት ሰዎች እዚሁ መስመር ላይ ስለሚሰሩ አብረን እንሂድ ተባባልን፣ አንዱ አብሮ አደጌ ነው፣ አንዷ ሲኤምሲ ላይ ምትሳፈር የሱ መስሪያ ቤት ልጅ ናት፣ ሦስተኛው የኛው ብሎክ ጎረቤቴ ነበር። ያኔ ቤንዚን ሊትሩ 60 ምናምን ብር ነው፣ በወር በነፍስ ወከፍ 700 ጣል አርጉልኝ አልኩ፣ እሺ አሉ፣ ሰላም ነበርን።

አሁን 2017 ነው። የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ገባ፣ ከዛ 112፣ ይኸው ዛሬ 122 ብር ከ53 ሳንቲም። የነሱ 700 ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። እነሱም አላነሱትም እኔም አላነሳሁትም። ሁለቱ በየወሩ በቴሌብር 700 ያስገባሉ፣ አብሮ አደጌ ደሞ ወሩ ካለፈ በኋላ «ውይ ረስቼው» ብሎ 500 ይልካል፣ የቀረችዋን እኔም አልጠይቅ እሱም አያነሳት።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። ያቃጠለኝ ያለፈው ሐሙስ ነው። ከስራ ስንመለስ የነዳጅ መብራቱ በራ፣ ማደያ ሰልፍ ያዝን፣ ሰልፉ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል፣ ሰዉ ሞተር አጥፍቶ በእጁ እየገፋ ነው ሚጠጋው። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምን። ሦስቱም እየተጫወቱ እየሳቁ ነበር፣ ልክ ፓምፑ ጋ ደርሰን ቀጂው ታርጋ ሲጠይቀኝ እኔም ስልኬን ሳወጣ መኪናው ውስጥ ጸጥ። በስፖኪዮ ሳይ አብሮ አደጌ አይኑን ጨፍኗል። አሁን ሲስቅ የነበረ ሰውዬ! ሂሳቡን ጨርሼ ሞተር ሳስነሳ ነቃና «ደረስን?» አለኝ።

ጎረቤቴ የነበረው ደሞ ቤት ቀይሮ ገርጂ ገብቷል፣ ጠዋት ጠዋት ከመገናኛ ወደ ኢምፔሪያል ታጥፌ አነሳዋለሁ፣ «መንገድህ ነው ብዬ እኮ ነው» ይላል። መንገዴ አይደለም ጌታዬ።

ስንት ልበላቸው? ደሞስ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? ሰው ሳላስቀይም ማለቴ ነው።

ጀብሎው · እሁድ ማታ 2፡52

ገንዘብ መቀበል ከጀመርክ ታክሲ ነህ በቃ፣ የጎደለህ ወያላ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት «ሜክሲኮ የሞላ» እያልክ ውጣ።

ሒሳብ ሹሟ · እሁድ ማታ 3፡15

ወንድሜ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው ከዛ በኋላ ነው ይሉኝታው። ከአያት ሜክሲኮ በምትሄድበት መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ቪትዟስ በዚህ ትራፊክ በሊትር ስንት ትሄዳለች? ካታሎግ ላይ ያለውን አትንገረኝ፣ አንዴ ፉል አርገህ ለክተህ ታውቃለህ?

ቪትዟ · እሁድ ማታ 3፡21

ለክቻለሁ። የገርጂውን ሳልቆጥር አንድ ጉዞ 17 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ 34። በሊትር 12 ገደማ ትሄዳለች፣ አራት ሰው ጭና መገናኛ ላይ ቆማ እየጠበቀች ማለት ነው።

ሒሳብ ሹሟ · እሁድ ማታ 3፡44

ጥሩ። 34 ለ12 ሲካፈል በቀን 2.83 ሊትር። በ122.53 ስታባዛው 347 ብር። 22 የስራ ቀን ካልን በወር 62 ሊትር ገደማ፣ ወደ 7,640 ብር ነው። ለአራት ስታካፍለው፣ አንተንም ቆጥሬ ነው፣ ለሰው 1,910 አካባቢ።

አሁን ምትቀበለው 2,100 ነው፣ ያውም አብሮ አደግህ ሙሉውን ሲልክ። ስለዚህ አንተ ብቻህን ከ5,500 በላይ እየከፈልክ ነው። ደሞ ልብ በል፣ በ2015ም 700 ድርሻቸው አልነበረም፣ 62 ሊትር በ60 ብር 3,720 ነው ለአራት ሲካፈል 930። ከመጀመሪያው ቅናሽ አርገህላቸው ነው የጀመርከው፣ ቅናሽ መሆኑን ግን አልነገርካቸውም። ጥፋቱ እዛ ጋ ነው ባይ ነኝ፣ ያልተነገረ ውለታ ማንም አይቆጥርልህም።

ኋላ ወንበር · እሁድ ማታ 4፡05

እኔ ደሞ ከተሳፋሪው ወገን ልናገር፣ ሁሌ ባለመኪና ብቻ ነው እዚህ ሚያለቅሰው። ሰውዬው እኛ ኖርንም አልኖርንም መኪናው ሜክሲኮ ትሄዳለች። ብቻውን ቢሄድ 7,000 ምናምኑን ራሱ ነው ሚከፍለው። እኛ የጨመርንበት ምንድነው? ትንሽ ክብደት። እና 2,100 ብር አተረፈ እንጂ የት ከሰረ? ለአራት እኩል የተባለው እኮ መኪናዋ የአራታችን ብትሆን ነው። እኔ ስታመም ቁልፉን ይሰጠኛል? ቅዳሜ ለሰርግ እወስዳታለሁ ብል ይሰጠኛል?

ሒሳብ ሹሟ · እሁድ ማታ 4፡18

@ኋላ ወንበር ክርክርህ ባዶ አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው የያዝከው። አንተ ያልካት መነሻዋ ዋጋ ናት፣ ከሷ በታች ከከፈልክ ሰውየው አንተን በመጫኑ ኪሱ ይጎዳል። ጣሪያው ደሞ ታክሲ ነው። እስቲ አንተ ያለሱ በቀን ስንት ታወጣለህ?

ኋላ ወንበር · እሁድ ማታ 4፡22

በሚኒባስ ቆራርጬ 90 ብር አካባቢ። ሰልፉን ሳልጨምር።

ሒሳብ ሹሟ · እሁድ ማታ 4፡26

90 በ22 = 1,980። እኩል ድርሻው 1,910 ነው። ማለት በር ላይ ተነስተህ፣ ወንበር ይዘህ፣ ሰው ትከሻህ ላይ ሳይተኛ፣ ዝናብ ሳይመታህ፣ ከሚኒባስ በታች እየከፈልክ ነው። ከዛ ጣሪያና ከዛ መነሻ መሃል የትም ላይ ብትስማሙ እኔ ዘረፋ አልለውም። 1,500 ቢላችሁ እጁን ሳሙት።

ጋራዥ ሰፈር · እሁድ ማታ 4፡50

ሁላችሁም ቤንዚን ቤንዚን ትላላችሁ። እኔ ስራዬ መኪና መጠገን ነው፣ እንዲ ጓደኛ ምትጭን ቪትዝ ስትመጣ ሳልጠይቅ አውቃታለሁ፣ ኋላ አሞርዛተሯ ሞቷል፣ ጎሚኒዋ አልቋል፣ የፍሬን ሸራዋ ብረት ለብረት ሆኗል። እቺ መኪና በወር 750 ኪሎ ሜትር ለስራ ብቻ ትሄዳለች፣ በየ5,000ው ዘይትና ፊልትሮ ቢቀየርላት ለዚህ ጉዞ ብቻ በዓመት ሁለቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እሱን ማነው ሚከፍለው? ጎማውንስ? ግን አንድ ነገር ልንገርህ ቪትዟ፣ እሱን ከነሱ አትጠይቅ። መኪናው ያንተ ነው፣ ስትሸጠው ለብቻህ ነው ምትሸጠው። ቤንዚኑን ብቻ ተካፈሉ፣ ሌላውን ቻለው። ሰው ስለ አሞርዛተር ሲነገረው ጓደኛው ሳይሆን ጋራዥ ያለ ነው ሚመስለው።

አንድ ምክር ደሞ፣ በር ቀስ ብለው እንዲዘጉ ንገራቸው። ቪትዝ በር አትችልም።

ማሚ ዘ22 · ሰኞ ጠዋት 1፡10

እኔ ሁለት ዓመት ጓደኛዬ መኪና ላይ ሄጃለሁ። ብር ስሰጣት ሞቼ እገኛለሁ አልቀበልም አለች። እሺ ብዬ ቁርስ መግዛት ጀመርኩ፣ በየቀኑ ሁለት ሳንቡሳና ማኪያቶ፣ ልደቷ ላይ ጫማ፣ ለልጇ ክርስትና ልብስ። እኔ ከታክሲ በላይ እያወጣሁ እንደሆነ ይሰማኛል፣ እሷ ደሞ በነጻ እየጫነችኝ እንደሆነ። አንድ ቀን በወሬ መሃል «እኔ እኮ ለስንት ሰው ሹፌር ሆኛለሁ» አለች ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ። በማግስቱ ሚኒባስ ያዝኩ። አሁን ሰላም እንባባላለን ብቻ።

ስለዚ ብር ተቀበል ወንድሜ። በቁርስና በስጦታ ሚሄድ ነገር ማንም ማይችለው ሂሳብ ነው።

ኋላ ወንበር · ሰኞ ጠዋት 1፡25

ጫማውን ግን መልሳልሻለች?

ማሚ ዘ22 · ሰኞ ጠዋት 1፡31

አድርጋው ነበር ያን ቀን ራሱ።

አሌክሳንድሪያ · ሰኞ ጠዋት 2፡03

ከቨርጂኒያ ነኝ፣ እዚህ ሌሊት ነው። እዚህ አገር የግብር መስሪያ ቤቱ ለስራ ለተነዳ መኪና በፈረንጆቹ 2025 በማይል 70 ሳንቲም ብሎ ተምኗል፣ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሱን ጥገናውን የመኪናውን ማርጀት ሁሉ ከቶበት ነው። ሐበሻ ጓደኞቼ መሃል ግን በሱ ሂሳብ የሰራ አላየሁም፣ ብንሰራ ኖሮ እስካሁን ተኳርፈን አልቀን ነበር።

ሚገርማችሁ እዚህ ከፔንታጎን ደቡብ ባለው 95 እና 395 መንገድ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሚደረግ ነገር አለ፣ ሰዎች ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ማያውቁት ባለመኪና ይመጣና ሁለቱን ይጭናል፣ ገንዘብ ሚባል ነገር የለም፣ መስጠትም ነውር ነው። ለምን ብትሉ፣ ሦስት ሰው የያዘ መኪና ፈጣኑን መስመር ያለ ክፍያ ይገባል። ተሳፋሪው ራሱ ክፍያው ሆነ ማለት ነው። ወሬ እንኳ እሱ ካልጀመረ አይጀመርም። አዲስ አበባ ላይ እንዲ ያለ መስመር ቢኖር ቪትዟ ላይ ለመቀመጥ ሳይሆን ሰው ለማስቀመጥ ነበር ልመና ሚሆነው።

ጀብሎው · ሰኞ ጠዋት 2፡11

ወሬ የሌለበት መኪና? እኔ ከነሱ ጋር አልሄድም።

ጋሽ ቮልስ · ሰኞ ቀን 6፡30

ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ ነዳጅ በኩፖን የነበረ ጊዜ ቮልስ ነበረችኝ። ኩፖን ካለቀ ገንዘብ ቢኖርህም አትነዳም። መስሪያ ቤት አምስት ሆነን በሷ እንሄድ ነበር፣ ሦስት ኋላ ተጣብቀው። ያኔ ማንም ብር አልሰጠኝም፣ ግን ያላቸውን ኩፖን ያመጡ ነበር፣ ከወንድሙም ይሁን ከአለቃው ለምኖ። ብር አምጡ ማለት ይከብደኝ ነበር፣ ኩፖን አምጡ ማለት ግን አይከብድም፣ ምክንያቱም እኔ ጎደለኝ አላልኩም፣ መኪናዋ ነው የጎደላት። እስቲ አስቡበት፣ ከብር ሌላ ስም አውጡለት።

ሒሳብ ሹሟ · ሰኞ ቀን 7፡02

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን፣ መልሱን እርስዎ ነገሩን እኮ! ቪትዟ ስማ፣ በብር አትስማሙ፣ በሊትር ተስማሙ። «እያንዳንዳችን በወር 15 ሊትር» በላቸው። ዛሬ 15 ሊትር 1,838 ብር ነው፣ ነገ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም 15 ሊትር ያው 15 ሊትር ነው። ዋጋው በተቀየረ ቁጥር ሽማግሌ መላክ የለብህም።

ባትሪው · ሰኞ ቀን 8፡15

እኔ ኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ፣ ማታ ቤት ሰክቼ አድራለሁ። አራት ሰው እጭናለሁ ሁሉም «ላንተማ ነዳጅ የለብህ» ይሉኛል። መኪናውን የገዛሁበት ገንዘብ ከሰማይ የወረደ መስሏቸዋል። እናንተ በሊትር ተስማሙ፣ እኔ በምን ልስማማ? በኪሎ ዋት?

ኋላ ወንበር · ሰኞ ቀን 8፡20

አንተ መብራት ሲጠፋ ሻማ እናዋጣልህ።

ኮድ 2 · ሰኞ ማታ 1፡45

አንድ ነገር ማንም ስላላነሳው ነው። ታርጋህ ኮድ 2 ከሆነ፣ ወጪ መጋራትና ሰው አሳፍሮ ማስከፈል አንድ አይደሉም። ከቤንዚኑ በላይ ትርፍ መቀበል ከጀመርክ፣ ማታውቀውን ሰው ከመንገድ እያነሳህ ካስከፈልክ፣ ያው የንግድ ስራ ነው። አደጋ ቢደርስ የኢንሹራንስ ሰዎች መጀመሪያ ሚጠይቁት ሰዎቹ ምንህ ናቸው፣ ይከፍሉህ ነበር ወይ ነው። የኢንሹራንስ ውልህን አውጥተህ አንብበው፣ ለኪራይ ወይ ለክፍያ ሰው ስለመጫን ምን እንደሚል እይ። ማስፈራራቴ አይደለም። ሒሳብ ሹሟ ያለችው እኩል ድርሻ፣ አንተም ያለህበት ማለት ነው፣ ከዚህም አንጻር ደህና ነው፣ ለአራት እንጂ ለሦስት እንዳታካፍለው።

ተራ ጠባቂ · ሰኞ ማታ 3፡30

ሊትሩም ጥሩ ነው ግን አሁንም ወር መጨረሻ ላይ ሰው እየጠበቅክ ነው፣ «ላክ» «እሺ» «ነገ»። እኛ ከጀሞ አራት ኪሎ አራት ሆነን ምንሄድ ሰዎች ዕቁብ ነው ያረግነው። ሳምንቱ የአንድ ሰው ነው። የኔ ሳምንት ከሆነ በዛ ሳምንት ሚቀዳውን ሁሉ እኔ በስልኬ እከፍላለሁ፣ ሰኞም ይሁን ሐሙስ ማደያ ስንገባ የኔ ስልክ ነው ሚወጣው፣ ለባለመኪናው ብር አልሰጥም እሱም ከኔ አይቀበልም። አራት ሳምንት አራት ሰው፣ ባለመኪናውም አንድ ተራ አለው። የወሩ ትርፍ ቀኖች ላይ ማን ከፈለ እያልን አንጨቃጨቅም ዝም ብሎ ተራው ይቀጥላል።

ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ ዋጋ ሲጨምር ባለመኪናው አይናገርም፣ ስልኩ ይናገራል።

ደሞ ቀሪ ሚባል የለም። ታመምክም፣ ፈቃድ ወጣህም፣ ሳምንትህ ሳምንትህ ነው፣ ኮንትራት ሚኒባስ ብትይዝ ቀርተህ ይቀነስልህ ነበር እንዴ? ሙሉ ሳምንት ከሌለህ ብቻ ከሌላ ሰው ጋር ትለዋወጣለህ።

ማሚ ዘ22 · ሰኞ ማታ 3፡41

ጳጉሜንስ የማን ናት?

ተራ ጠባቂ · ሰኞ ማታ 3፡44

ሦስት ዓመት ሙሉ የተጣላነው በሷ ብቻ ነው። አሁን የባለመኪናው ናት፣ ለአዲስ ዓመት ይመርቀን ብለን።

ጋራዥ ሰፈር · ሰኞ ማታ 4፡00

ይሄ ተመችቶኛል። ግን አንድ ሰው ሳምንቱ ሲደርስ ሰልፍ ረጅም ነው ብሎ ወደ ቀጣዩ እንዳያስተላልፍ። እኛ ጋ አንዱ ሁሌ አርብ ላይ መብራቱ ቢበራም «ሰኞ ይደርሳል» ይል ነበር፣ ሰኞ የሌላ ሰው ነዋ።

ተራ ጠባቂ · ሰኞ ማታ 4፡06

ሕግ አለ፣ አርብ ማታ መርፌው ሰኞ ከነበረበት በታች ሆኖ አይወርድም። ሰኞ ጠዋት ፎቶ ይነሳል ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ሞኝ አይደለንም።

ቪትዟ · ሰኞ ማታ 5፡12

ጋሽ ቮልስ፣ ሒሳብ ሹሟ፣ ተራ ጠባቂ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናትና ልጅ እንኳን አፍ አውጥተው ማይነጋገሩትን እዚህ ተነጋገርን። ነገ ማታ አራታችንም ያለንበት ግሩፕ ላይ እጽፋለሁ። የገርጂውን ልጅ ምን ልበለው ግን?

ሒሳብ ሹሟ · ሰኞ ማታ 5፡20

መገናኛ ድረስ መጥቶ ይሳፈር። ማጠፍ የሚከፈልበት ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ የሦስት ሰው ጠዋት ነው። ለብቻው አትንገረው፣ ሲኤምሲ ምትሳፈረዋ ልጅ ስንት ደቂቃ እንደሚረፍድባት ጠይቃት፣ እሷ ትነግረዋለች።

ጋሽ ቮልስ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡00

በጽሁፍ አትጀምረው ልጄ። ቡና ላይ አውራው፣ ከተስማማችሁ በኋላ ጻፈው። ጽሁፍ ቁጣ ይመስላል።

ቪትዟ · ከ9 ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ማታ 3፡05

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋሽ ቮልስ እንዳሉት ቡና ላይ አነሳሁት፣ እዛው ሜክሲኮ ምሳ ሰዓት ላይ። ልቤ እየመታ ነበር እውነቴን ነው። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ስለነበር ሳላወራ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የሲኤምሲዋ ልጅ አይታው ዝም አለችና «እኔ እኮ በየወሩ ትነግረናለህ እያልኩ ስጠብቅ ነበር፣ ራሴ ጨምሬ ብልክ ሌሎቹን ማሳጣት ይሆንብኛል ብዬ ነው» አለች። ለካ እሷም ተይዛ ነበር።

የገርጂው ልጅ አኮረፈ። መገናኛ መምጣት ከሆነማ ከዛ በኋላ ያለውን በታክሲ እጨርሰዋለሁ አለ፣ ሁለት ቀን ቀረ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ዝናብ ጣለና መገናኛ ድልድዩ ስር ቆሞ አገኘነው። ምንም አላልንም፣ በሩን ከፈትንለት፣ ቀስ ብሎ ዘጋው።

ተራውን በዕጣ አወጣነው። የመጀመሪያው ሳምንት ለማን ወጣ? ለአብሮ አደጌ። ትላንት ማታ ማደያ ገባን፣ ሰልፉ እንደዛ ቀን አይደለም 40 ደቂቃ ምናምን ነው። ፓምፑ ጋ ስንደርስ በስፖኪዮ አየሁት፣ አይኑ ፍጥጥ ብሏል፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው። ቀጂው 15 ሊትር ሞላ፣ ታርጋውን እኔ ነገርኩት፣ አብሮ አደጌ ቁጥሩን አስገባና ስክሪኑን አይቶ ትንሽ ቆየ።

«1,838?»

«አዎ» አልኩት።

«በአንዴ?»

ሌሎቹ ሁለቱ አይናቸውን ጨፍነው ነበር። የሳቃቸውን ድምጽ ግን መያዝ አልቻሉም።

ጀብሎው · ሐሙስ ማታ 3፡09

ሜክሲኮ የሞላ!